«ሞተሩን አስተንፍሰው»፦ የአየር ሳጥን፣ ዝናብና የጣርማ በር ጉም

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነን በደብረ ብርሃን ከተማ በመምህርነት የሚሠራ አንድ የቀድሞ ተማሪያችን ያቀረበልን ጥያቄ ነው። የወጣቱ ቤተሰቦች የሚኖሩት ሸዋ ሮቢት ስለሆነ፣ በየወሩ መጨረሻ 125 ሲሲ በሆነው ሞተር ሳይክሉ ጣርማ በርን አቋርጦ በደብረ ሲና በኩል ወደ ቆላው ይወርዳል። መንገዱን የሚያውቅ ሁሉ እንደሚመሰክረው፣ በክረምት ወራት ጣርማ በር ላይ ከፊት የሚሄደው መኪና ቀርቶ የገዛ ጎማ እንኳ በቅጡ የማይታይበት ሰዓት አለ። እንዲህ ባለ ቀን ወጣቱ ዋሻውን አልፎ ቁልቁለቱን ሲጀምር የሞተሩ ድምፅ እየደከመ ይሄድና ይጠፋል። በብዙ ትንንሽ ሞተር ሳይክሎች የፊት መብራቱ ኃይል የሚያገኘው ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ማመንጫ በቀጥታ ስለሆነ መብራቱም አብሮ ይጠፋል። በጉም ውስጥ፣ በቁልቁለት፣ ያለ መብራት፣ ከኋላ የጭነት መኪና ሊመጣ በሚችልበት መንገድ ላይ መቆም ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልገንም።

የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። ሞተር ሳይክሉን ገፍቶ ከመንገድ ካወጣ በኋላ ማስነሻውን ደጋግሞ ቢመታ አይነሳለትም። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሲመታው ግን ምንም እንዳልነበረ ይነሳል። መካኒኩ ካርቡራቶሩን ፈትቶ ቢያጥብ ቆሻሻ አላገኘም፤ ካንዴላ ቢቀይርም ለውጥ አልመጣም።

ሞተሩ ሌላም ሕመም አለበት። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ በዝናብ ግማሽ ሰዓት ያህል ከተነዳ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ ካንዴላው ሲፈታ ጥላሸት ለብሶ ይገኛል። ሌሊቱን ቤት ውስጥ ካደረ በኋላ ግን ጠዋት ላይ ደኅና ይሆናል። ወጣቱ እንደነገረን ሁለቱም ሕመሞች የጎሉት አንድ ጓደኛው «ሞተርህ ታፍኗል፤ አስተንፍሰው» ብሎት ዋናውን የአየር ሳጥን አስፈትቶ፣ በምትኩ በካርቡራቶሩ አፍ ላይ በቀጥታ የሚታሰር ሾጣጣ የአየር ማጣሪያ ካስገጠመ በኋላ ነው። ይህ ልማድ በየከተማው በወጣት አሽከርካሪዎች ዘንድ የተለመደ ነው። አንዳንዱ ሳጥኑን እንዳለ ያወጣዋል፤ አንዳንዱ ክዳኑን ይበሳዋል፤ አንዳንዱም ከሳጥኑ አፍ ላይ ያለውን የጎማ አንገት ብቻ ነቅሎ ይጥላል። እኛም እንደ ወጣቱ ጥፋተኛው አንድ ነው ብለን ነበር የጀመርነው፤ ሒሳቡን ስንሠራ ግን ሁለት ሆኖ ተገኘ።

የታፈነው በምንድን ነው?

በአራት ምት የሚሠራ ሞተር በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ አየር ይስባል። በደቂቃ 6,000 ጊዜ የሚዞር ከሆነ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይተነፍሳል ማለት ነው። ሲሊንደሩ 125 ሲሲ ቢሆንና በእያንዳንዱ ስበት 80 በመቶ ያህሉ ቢሞላ፣ ሞተሩ በሴኮንድ 5 ሊትር፣ በደቂቃ 300 ሊትር አየር ይወስዳል። ዐርፎ የተቀመጠ ጎልማሳ ሰው በደቂቃ የሚስበው አየር ከ6 እስከ 8 ሊትር ነው። ያቺ ትንሽ ሞተር እንግዲህ አርባ ሰው የተቀመጠበት ክፍል የሚተነፍሰውን ያህል ትተነፍሳለች።

ለሞተሩ የሚጠቅመው ግን የአየሩ ይዘት ሳይሆን መጠነ ቁሱ ነው። 1 ግራም ቤንዚን በተስተካከለ ሁኔታ ለማቃጠል 14.7 ግራም ያህል አየር ያስፈልጋል። በባሕር ጠለል ላይ፣ በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የአንድ ሜትር ኩብ አየር መጠነ ቁስ 1.225 ኪሎ ግራም ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት 72 ኪሎፓስካል ያህል ብቻ ነው፤ በዚያው መጠነ ሙቀት የአየሩ እፍጋትም ወደ 0.87 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ ይወርዳል። ሞተሩ በእያንዳንዱ ትንፋሹ ሦስት አሥረኛ ያህል አየር ይጎድልበታል ማለት ነው።

«ታፍኗል» የሚለው አባባል ስለዚህ ሐሰት አይደለም። ያፈነው ግን ሳጥኑ አይደለም። ንጹሕ ማጣሪያ ያለበት ሳጥን በኃይለኛ ስበት ጊዜ የሚያስከትለው የግፊት ቅነሳ በተለምዶ 1 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው፤ ከ72ቱ ሲሰላ 1.4 በመቶ ይሆናል። ከፍታው የወሰደው 30 በመቶ ሲሆን ሳጥኑ የወሰደው አንድ ተኩል በመቶ አይሞላም። ሳጥን በመንቀል 2,800 ሜትር መውረድ አይቻልም። ማጣሪያውን ከፊት ለሚመጣው ንፋስ ማጋለጥ አየሩን በግድ ያስገባል የሚለውም ተስፋ ቢሆን ከሒሳብ ጋር አይስማማም። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ንፋሱ የሚጨምረው ግፊት 0.2 ኪሎፓስካል ያህል፣ ማለትም ከጠቅላላው 0.3 በመቶ ብቻ ነው።

ታዲያ ምክሩ ለምን አልጠፋም? ብዙ አሽከርካሪዎች ሳጥኑን ካነሱ በኋላ ሞተራቸው እንደተሻሻለ ይናገራሉ፤ ሁሉም ተሳስተዋል ማለት አንችልም። አንዱ ምክንያት ድምፅ ነው። ባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ እፍ ያለ ልጅ እንደሚያውቀው፣ አንገት ያለው ባዶ ዕቃ የራሱ የሆነ ድምፅ አለው። የአየር ሳጥኑና የጎማ አንገቱም እንዲህ ያለ ዕቃ ናቸው፤ አምራቹ ስፋታቸውን የሚመርጠው ከሌሎች ነገሮች ጋር የስበቱን ጩኸት እንዲያበርዱ ጭምር ነው። ሳጥኑ ሲነሳ ጩኸቱ ይወጣል፤ ጆሮም ይህን እንደ ጉልበት ይቆጥረዋል። ሁለተኛው ምክንያት ግን እውነተኛ ነው፤ እርሱን ለመረዳት ወደ ካርቡራቶሩ ጉሮሮ መግባት አለብን።

ቤንዚኑን የሚገፋው ማን ነው?

ዳንኤል ቤርኑሊ እ.ኤ.አ. በ1738 ባሳተመው መጽሐፍ የፈሳሽ ፍጥነት ሲጨምር ግፊቱ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ጣሊያናዊው ጆቫኒ ባቲስታ ቬንቱሪ በ1797 እ.ኤ.አ. ፈሳሽ በሚጠብና በሚሰፋ ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ የሚሆነውን የሚመለከት ጥናት አወጣ። ካርቡራቶር የእነዚህ ሰዎች ሐሳብ ከነሐስና ከአሉሚኒየም ተሠርቶ ሲታይ ነው ማለት ይቻላል። አየሩ በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ ይፈጥናል፤ ግፊቱም ይቀንሳል። ከሥር ባለችው ትንሽ ገንዳ ውስጥ ያለው ቤንዚን ደግሞ በብዙ ካርቡራቶሮች ከውጭው አየር ጋር በቀጭን ቱቦ የተገናኘ ስለሆነ ሙሉ የከባቢ አየር ግፊት ያርፍበታል። በገንዳውና በጉሮሮው መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ቤንዚኑን በጥቃቅን ቀዳዳዎች በኩል ወደ ላይ ይገፋዋል። አሽከርካሪው «ሞተሩ ቤንዚን ይስባል» ይላል፤ የፊዚክስ ተማሪ ግን ገፊው የውጭው አየር መሆኑን ቢያስታውስ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይቀልለዋል።

በጉሮሮው ያለው ግፊት በሁለት ምክንያቶች ይቀንሳል፦ በጉሮሮው ጥበት፣ እንዲሁም አየሩ በማጣሪያውና በሳጥኑ ሲያልፍ በሚገጥመው እንቅፋት። ገንዳው ይህን እንቅፋት አያየውም። ስለዚህ እንቅፋቱ ሲጨምር የግፊት ልዩነቱ ይጨምራል፤ ቤንዚኑም ይበዛል። እንቅፋቱ ሲቀንስ ቤንዚኑ ያንሳል። አምራቹ የቤንዚን ቀዳዳዎቹን ስፋት የመረጠው ሳጥኑን እንደ አንድ የካርቡራቶሩ አካል ቆጥሮ ነው።

አሁን የምክሩን ምስጢር እናገኛለን። በካርቡራቶር ውስጥ የአየርና የቤንዚን ጥምርታ ከአየሩ እፍጋት ካሬ ሥር ጋር አብሮ ይለዋወጣል። ለባሕር ጠለል ተመጥኖ የመጣ ካርቡራቶር ደብረ ብርሃን ላይ ሲሠራ ከሚያስፈልገው በላይ 19 በመቶ ገደማ ቤንዚን ይሰጣል። ሳጥኑ ሲነሳ ከዚህ ትርፍ ጥቂቱ ይቀነሳል፤ ሞተሩም በእርግጥ ይሻለዋል። መካኒኩ ያየው መሻሻል እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን ሌላ ነበር። ለከፍተኛ ቦታ የሚስማማ ጠበብ ያለ የቤንዚን ቀዳዳ በጥቂት ደቂቃ ሊቀየር የሚችል ትንሽ የነሐስ ዕቃ ነው፤ ሳጥኑንም አያስነቅልም።

በመንገዳችን ላይ ስለ ብርድም አንድ ነገር እንበል። «ሞተር በብርድ ይበረታል» የሚለው አባባል ትክክል ነው፤ ነገር ግን ልኩ ትንሽ ነው። አየሩ ከ20 ዲግሪ ወደ 8 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ እፍጋቱ የሚጨምረው በ4 በመቶ ነው። በአንጻሩ ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ፣ በ30 ዲግሪ ሙቀት፣ የአየሩ እፍጋት 1 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ ያህል ሲሆን፣ በ3,000 ሜትር ከፍታ በ8 ዲግሪ ደግሞ 0.87 ነው። ቆላው ሞቃት ሆኖ ሳለ ሞተሩ የበለጠ ጉልበት የሚያገኘው እዚያ ነው። ከብርዱ ይልቅ ከፍታው ያይላል።

ዝናቡ የሚገባው ከየት ነው?

ወደ ጥቁሩ ጭስ እንምጣ። ቀላሉ መልስ «ሞተሩ ዝናብ ጠጣ» የሚለው ነው፤ እኛም መጀመሪያ የገመትነው ይህንኑ ነበር። ነገር ግን ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል እንኳ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ተንጠልጥሎ የሚገኘው ውኃ 2 ግራም ያህል ብቻ ነው። ሞተራችን በሰዓት 18 ሜትር ኩብ አየር ቢስብ ከአየሩ ጋር የሚገባው ውኃ 36 ግራም ይሆናል። በዚያው ሰዓት የሚቃጠለው ቤንዚን ከ1 ኪሎ ግራም ይበልጣል። ይህን ያህል ውኃ በጥቃቅን ጠብታ መልክ ቢገባ ሞተሩን አይጎዳውም። እንዲያውም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አንዳንድ የውጊያ አውሮፕላኖች ሞተራቸው ከመጠን በላይ እንዳይግልና እንዳያንኳኳ ውኃና ሜታኖል ሆን ተብሎ ይረጭላቸው ነበር። የጉም ነገርማ ከዚህም ያነሰ ነው፤ በአንድ ሜትር ኩብ ጉም ውስጥ ያለው ፈሳሽ ውኃ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ግራም አይሞላም።

ልዩነቱን የሚያመጣው ኢነርሽያ ነው። አየር ቀላል ስለሆነ በእንቅፋት ዙሪያ ታጥፎ ያልፋል፤ የዝናብ ጠብታ ግን ከባድ ስለሆነ ቀጥ ብሎ ሄዶ ይላተማል። የፊት ገጹ 60 ሴንቲ ሜትር ካሬ የሆነ ሾጣጣ ማጣሪያ ሙሉ በሙሉ ለንፋስ ተጋልጦ በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር ማለትም በሴኮንድ 15 ሜትር ቢጓዝ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ 324 ሜትር ኩብ አየር ፊቱን ያቋርጣል። ከዚህ ውስጥ ሞተሩ የሚፈልገው 18ቱን ብቻ ነው፤ የቀረው አየር ዞሮ ይሄዳል። በውስጡ የነበረው ጠብታ ግን አይዞርም፤ ከማጣሪያው ላይ ያርፋል። 324 በ2 ግራም ሲባዛ 648 ግራም፣ ማለትም ከግማሽ ሊትር በላይ ውኃ በአንድ ሰዓት ውስጥ። በእርግጥ የቤንዚን ታንኩና ሞተሩ ከፊት ስለሚጋርዱት ቁጥሩ ያንሳል፤ በሌላ በኩል ጎማ ከመንገድ እያነሳ የሚረጨው ጭቃ ውኃ በዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገባም፤ እርሱ ደግሞ ከሰማዩ ዝናብ የባሰ ነው።

የተናቀው ሳጥን የሚሠራው ሥራ አሁን ይታየናል። አፉ ከመቀመጫው ሥር ተሸሽጎ፣ ከጎማና ከንፋስ ዞሮ የተቀመጠ ነው። በጠባቡ አንገት በሴኮንድ ብዙ ሜትር እየፈጠነ የገባው አየር ሰፊው ሆድ ውስጥ ሲደርስ ፍጥነቱ በሴኮንድ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሊወርድ ይችላል። 1 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠብታ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 4 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ዝግ ያለ አየር ይዞት ሊወጣ አይችልም፤ ጠብታው ወደ ሳጥኑ ወለል ይወድቃል። ከሳጥኑ ሥር የምትንጠለጠለው፣ ብዙ ሰው ምንነቷን የማያውቃት ደፋና ትንሽ ቱቦ የዚህ ውኃ ማጠራቀሚያ ናት። በክረምት አልፎ አልፎ ተከፍታ መፍሰስ ይኖርባታል።

ማጣሪያው ሲርስ ደግሞ ሌላ ፊዚክስ ይጀምራል። ውኃ ወደ ወረቀት ማጣሪያ ጥቃቅን ቀዳዳ ሲገባ በገጽ ውጥረቱ ምክንያት ቀዳዳውን እንደ ቡሽ ይወትፈዋል። ውታፉን ለማስወጣት የሚያስፈልገው ግፊት የገጽ ውጥረቱ በ4 ተባዝቶ ለቀዳዳው ዲያሜትር ሲካፈል የሚገኘው ነው። የውኃ የገጽ ውጥረት 0.073 ኒውተን በሜትር ነው፤ ቀዳዳው 20 ማይክሮሜትር ቢሆን መልሱ 14.6 ኪሎፓስካል ይሆናል። የሞተሩ ስበት በማጣሪያው ላይ የሚያሳርፈው ግን 1 ወይም 2 ኪሎፓስካል ነው። ሞተሩ ውታፉን ሊነቅለው አይችልም። የተወተፉት ቀዳዳዎች በበዙ ቁጥር እንቅፋቱ ይጨምራል፤ ገንዳው ደግሞ ይህን እንቅፋት አያየውም ብለናል። ቤንዚኑ ይበዛል፣ አየሩ ያንሳል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ሌሊቱን ማጣሪያው ሲደርቅ ሕመሙ አብሮ ይደርቃል። ሳጥኑ ሲነሳ ቤንዚን የቀነሰው ሕግ ማጣሪያው ሲርስ ቤንዚን ያበዛል፤ ሁለቱም የአንድ ሕግ ፊትና ጀርባ ናቸው።

ከስፖንጅ ወይም ከጥጥ የተሠሩ ማጣሪያዎች ልዩ ዘይት ሲቀቡ ከውኃ ይጠበቃሉ፤ ቅቤ በተቀባ ፀጉር ላይ የዝናብ ጠብታ እንደሚንከባለል ጠብታው ሳይሰርግ ይንሸራተታል። ዘይቱ ታጥቦ ሳይተካ የቀረ ስፖንጅ ግን ውኃ ከመምጠጥ የሚያግደው የለም። በየጋራዡ በቤንዚን አጥቦ፣ በኮምፕረሰር ነፍቶ፣ ያለ ዘይት መልሶ መግጠም የተለመደ መሆኑን ታዝበናል። የእሳት አደጋው ሳይቆጠር፣ ይህ ማጣሪያውን ለክረምት ትጥቅ አስፈትቶ መላክ ነው። ፌስታል ማልበስ ደግሞ የአየሩን መግቢያ ራሱን መዝጋት ስለሆነ የረጠበ ማጣሪያ የሚያደርገውን በደረቁ ማድረግ ይሆናል።

ይህን ሁሉ በዓይን ማየት ለሚፈልግ ተማሪ ግንበኞች ውኃ ልክ የሚያወጡበት ዓይነት ቀጭን ግልጽ ቱቦ ይበቃዋል። ቱቦው እንደ ቀለበት ታጥፎ ውኃ ከተሞላ በኋላ አንድ ጫፉ በማጣሪያውና በካርቡራቶሩ መካከል ቢገናኝ፣ ሌላው ጫፍ ለአየር ክፍት ቢሆን፣ በሁለቱ ክንፎች መካከል የሚታየው እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ልዩነት 0.1 ኪሎፓስካል ያህል ነው። ሞተሩ በአንድ ቦታ ቆሞ ይነሳ፤ ማጣሪያው መጀመሪያ ደረቅ፣ ቀጥሎ ርጥብ ሆኖ ልዩነቱ ይለካ። ውኃው ወደ ሞተሩ እንዳይሳብ ግን ቱቦው ረጅም መሆን አለበት።

የቀለጠው ማስረጃ

የደብረ ብርሃኑ ጭስ እንዲህ ተፈታ። የጣርማ በሩ መጥፋት ግን በዚህ አይገለጽም፤ እዚያ ጥቁር ጭስ የለም፣ ማጣሪያውም ለመድረቅ ሩብ ሰዓት አይበቃውም። መልሱን ያገኘነው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ለትምህርት በቆየንበት የአውሮፓ አገር እርጥብና ቀዝቃዛ ጠዋት ላይ ሞተራቸው መንገድ ላይ እየጠፋ የሚቸገሩ አሽከርካሪዎች ነበሩ፤ ለብሪታኒያ ገበያ የቀረቡ አንዳንድ ሞተር ሳይክሎችም ለካርቡራቶራቸው ማሞቂያ ይገጠምላቸው ነበር። ሙቀት ለምን ያስፈልገዋል?

እጅ ላይ ቤንዚን የፈሰሰበት ሰው ቅዝቃዜውን ያውቃል። 1 ግራም ቤንዚን ለመትነን 350 ጁል ያህል ሙቀት ከአካባቢው ይወስዳል። በካርቡራቶሩ ውስጥ ይህን ሙቀት የሚሰጠው አብሮት የሚያልፈው 14.7 ግራም አየር ነው፤ 1 ግራም አየር በ1 ዲግሪ ለማቀዝቀዝ 1 ጁል ያህል መውሰድ ይበቃል። ቤንዚኑ ሁሉ እዚያው ቢተን አየሩ በ24 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል ማለት ነው። በተግባር ሁሉም እዚያ አይተንም፤ ግማሹ ብቻ ቢተን እንኳ ቅናሹ 12 ዲግሪ ነው። ጣርማ በር ላይ 8 ዲግሪ የነበረው አየር በጉሮሮው ውስጥ ከዜሮ በታች 4 ዲግሪ ይደርሳል።

በ8 ዲግሪ በእርጥበት የተሞላ አየር በሜትር ኩብ 8 ግራም ያህል የውኃ ተን ይይዛል፤ ከዜሮ በታች 4 ዲግሪ ሲሆን ሊይዝ የሚችለው 4 ግራም አይሞላም። የቀረው በረዶ ሆኖ በቀዝቃዛው ብረት ላይ ይጋገራል። በቁልቁለት ላይ የነዳጅ መስጫው ተዘግቶ ሞተሩ በደቂቃ 75 ሊትር አየር ቢስብ፣ በየደቂቃው 0.3 ግራም ገደማ ውኃ ለመርጋት ይዘጋጃል። ሁሉም አይጣበቅም፤ ነገር ግን መስጫው ሲዘጋ የሚቀረው መሹለኪያ እጅግ ጠባብ ስለሆነ እርሱን ለመድፈን ብዙ አያስፈልግም። ሞተሩ ይታፈናል፣ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ የጋለው ሲሊንደር ሙቀት ቀስ በቀስ ወደ ካርቡራቶሩ ይተላለፋል፤ በረዶው ይቀልጣል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሞተሩ ይነሳል። መካኒኩ ካርቡራቶሩን የሚፈታው በማግስቱ ስለሆነ የሚያገኘው ነገር የለም፤ ማስረጃው ቀልጦ ፈስሷል።

ልብ ይበሉ፣ በረዶው የሚሠራው በዋነኛነት ከሚታየው የጉም ጠብታ ሳይሆን ከማይታየው ተን ነው፤ ማጣሪያ ደግሞ ተንን አያስቀርም። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ የሳጥኑ መነሳት ብቸኛው ጥፋተኛ አይደለም። ሳጥኑ ከሞቃቱ ሲሊንደር ጀርባ፣ ከመቀመጫው ሥር ያለውን ጥቂት ለዘብ ያለ አየር ይስብ ነበር፤ የተጋለጠው ሾጣጣ ማጣሪያ ግን ጉሙን በቀጥታ ይወስዳል። የጥቂት ዲግሪ ልዩነት በዜሮ አካባቢ ሲሆን ብዙ ነው። በዚሁ ምክንያት የታኅሣሥ ደረቅ ውርጭ፣ እጅን ቢያደነዝዝም፣ ከክረምቱ ጉም ይልቅ ለካርቡራቶር ደኅና ነው፤ የሚረጋ ተን የለውማ። ነዳጅን በኤሌክትሮኒክ መርጫ የሚጠቀሙ አዳዲስ ሞተር ሳይክሎችም ቤንዚኑ የሚረጨው ከአየር መዝጊያው በኋላ ስለሆነ በዚህ ሕመም እምብዛም አይያዙም፤ የአየሩን ግፊትና መጠነ ሙቀት እየለኩ ቤንዚኑን ስለሚመጥኑ ከፍታውም አያስቸግራቸውም። ማጣሪያቸው ከራሰ ግን እነርሱም ይታፈናሉ።

ጎርፍ ስለመሻገር

አንድ ነገር ሳናነሳ ብናልፍ ደስ አይለንም። በጠብታ የሚገባ ውኃ ሞተርን አይገድልም ብለናል፤ በጉንጭ የሚገባ ግን ይገድላል። 125 ሲሲ የሆነና እምቅታው 9 ለ 1 የሆነ ሞተር ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ የሚቀረው ቦታ 15.6 ሲሲ ብቻ ነው፤ ሦስት የሻይ ማንኪያ ውኃ ይሞላዋል። ውኃን በይዘቱ 1 በመቶ ብቻ ለመጭመቅ ከ200 የከባቢ አየር ግፊት በላይ ያስፈልጋል። ፒስተኑ ሊጨምቀው አይችልም፤ ሊቆምም አይችልም፤ የሚታጠፈው ቢየላው ነው። የዋናው ሳጥን አፍ ከመቀመጫው ሥር ከፍ ብሎ ሲቀመጥ ሾጣጣው ማጣሪያ ግን በካርቡራቶሩ ልክ ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ፣ ጎማው በጎርፍ ውስጥ የሚያነሳው ማዕበል በቀላሉ ይደርስበታል። ጎርፍ ውስጥ የጠፋን ሞተር ደጋግሞ መምታት አይገባም። አስቀድሞ ካንዴላው ይፈታ፤ ከዚያ ሞተሩ በቀስታ ሲዞር ውኃው በካንዴላው ቀዳዳ ይወጣል።

ወጣቱ መምህር ሳጥኑን ከጋራዡ ጥግ ፈልጎ መልሶ አስገጠመው፤ ለከፍታው የሚስማማ ጠባብ የቤንዚን ቀዳዳም አስቀየረ። ጥቁሩ ጭስ ከዚያ ወዲህ አልታየም። ጣርማ በር ላይ ግን በአንድ ጉማም ጠዋት ሞተሩ እንደገና ሊጠፋ ተንገዳግዶበት ነበር። በካርቡራቶር የሚሠሩ ትንንሽ አውሮፕላኖች አብራሪው ሲስበው በጭስ ማውጫው ዙሪያ የሞቀውን አየር ወደ ካርቡራቶሩ የሚያመጣ እጀታ አላቸው፤ ይህን ነግረነው ከቀጭን ቆርቆሮ ጋራጅ ቆርጦ ከሲሊንደሩ ጀርባ የሚወጣው ሞቃት አየር ወደ ሳጥኑ አፍ እንዲሄድ አደረገ። ቁልቁለቱንም የነዳጅ መስጫውን ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ፣ በየጥቂቱ ከፈት እያደረገ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ በጉም ሁለት ጊዜ አልፎ አልጠፋበትም። ሁለት ጊዜ ማስረጃ አይሆንም ብለነው፣ ትንሽ ቴርሞሜትር ከካርቡራቶሩ ጋር አስሮ፣ ቆርቆሮውን አንድ ቀን ገጥሞ አንድ ቀን ፈትቶ እንዲያነብ ሰጥተነዋል። ቆርቆሮውን ፈትቶ የሚለካው ግን መንገድ ላይ ሳይሆን ደብረ ብርሃን፣ ግቢው ውስጥ እንዲሆን ተስማምተናል።